ማሳውን አጥብቁት

የእህቴ ልጅ ሞተ ብለው ሲደውሉልኝ የአንድ ሚኒባስ ዘይት እየቀየርኩ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ይዤ ሰማሁ፣ «እሺ» አልኩ፣ ዘጋሁ፤ ከዚያ ዘይቱን ቀይሬ ጨረስኩ። ባለ ሚኒባሱ ፊቴን አይቶ «ደህና ነህ?» ቢለኝ «ደህና ነኝ፤ ፊልትሮውም መቀየር አለበት» አልኩት። እጄን በላርጎ ታጥቤ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ወደ እህቴ ቤት ሽቅብ ወጣሁ። እዚያ ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። እኔ ግንድ ሆኜ ቆምኩ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የማያለቅስ ሰው ስሙ ይነሳል። «ልበ ደንዳና» ተባልኩ። ይበሉ። እኔ ራሴ ምን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ወጡ ጨው ይብዛበት ይነስበት አይታወቀኝም። ሚስቴ አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶሃል? እስቲ ቢያንስ ተቆጣ» አለችኝ። ድሮ የምታማኝ ቁጡ ነው ብላ ነበር፤ አሁን ቁጣዬ ናፈቃት። እሱም ቢሆን አልመጣልኝም።

እኔ ላሊበላ ውስጥ መኪና እጠግናለሁ። ልጁ ሙያውን የተማረው ከእኔ ነው። አድጎ አንዲት ጥንታዊ የቤንዚን ላንድሮቨር ገዛና ቱሪስት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያመላልስባት ጀመር። ፈረንጆቹ አሮጌ መኪና ይወዳሉ፤ አጠገቧ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ኋላ ፈረንጁም ቀረ፣ እንግዳውም ቀረ፣ መንገዱም አላስተማመነ። ልጁ መኪናዋን እኔ ጋራዥ ግቢ አቆማትና የሰሊጥ ትራክተር ልነዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ። ወባ ይዞት እዚያው ሞተ። እዚያው ቀበሩት፤ አፈር ያለበሱት አብረውት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። እኛ ጋ የመጣው ልብሱ የታጨቀበት አንድ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

እናቱ ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ነው የምላት። ከአሸተን ማርያም ወዲያ ባለው ደጋ ላይ ገብስ የምታበቅል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እኔንም በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ ጢሜ ሸብቶም ስትቆጣኝ ዝም እላለሁ። ልጁ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከመተማ ደውሎላት ነበር። እነሱ ሰፈር ስልክ የሚሠራው ከአንድ ጽድ ሥር ነው፤ እሱም በነፋሱ ፈቃድ። እየተቆራረጠ አወሩ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችውም።

ለቅሶው ላይ ያንን የስልክ ንግግር እያነሳች ታወራ ነበር። «ልጄ የመጨረሻ ቃሉ መሬቱ ነው» አለችን። «መሬቱን አደራ ብሎኛል። አፈሩ ልል ነው፣ አቀበቱ ላይ ጎርፍ ይወስደዋል፣ አጠንክሩት ብሎኛል።» ማሳዋ እውነትም ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከታችኛው ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ይናዳል። ልጁ በሕይወቱ ስለ ገብስ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ሞፈር መያዝ የሚጠላ ልጅ ነበር። እኔ ግን ምን ልበል? በሰው አገር የታመመ ሰው የእናቱ መሬት ትዝ ቢለው አይደንቅም አልኩና ተውኩት።

እናም እርከን ሠራን። ሰብሉ እንደተነሳ ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ወጣ። ድንጋይ በድጅኖ እየፈነቀልን፣ እየተሸከምን፣ ከማሳው ራስ እስከ እግሩ ደረጃ በደረጃ ካብን። እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ከድንጋይ ጋር ትውውቅ የለኝም፤ ወገቤ ተቆረጠ። ደቦው ሲያበቃ እታለም አላቆመችም። ብቻዋን ትክባለች፤ ክረምት ሲያፈርሰው መልሳ ትክባለች። ጣቶቿ ተላላጡ። ደረቷ ደግሞ ከድሮም ደህና አልነበረም፤ ዳገት ስትወጣ ያፏጫል፤ ብርዱ ሲብስ ሳሉ አላስተኛ ይላታል።

ወልድያ ሴት ልጅ አለቻት፤ የሟቹ ታናሽ ናት። በየሳምንቱ እኔ ጋ ትደውላለች። «አጎቴ፣ አፈር ስሆን፣ አምጣልኝ። ሐኪሙ ያ ብርድ ይገድላታል ብሏል። እኔ ቤት ሞቅ ይላል፣ ትተንፍስበት» ትለኛለች። ወጥቼ እነግራታለሁ። እታለም «መሬቱን ለማን ትቼ?» ትላለች። የእኩል ይዞ የሚያርስ ሰው አይጠፋም እላታለሁ። «አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ እንጂ የእኩል አራሹ አይደለም» ትለኛለች። የሙት ልጇን ቃል የያዘችን እናት ልቀቂው የሚል ምላስ የለኝም። ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ለልጅቱ «እምቢ አለች» እላታለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ስልኩን ይዤ እቆማለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ግን ትንሽ ለስለስ አለች። «ሙት ዓመቱን ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጄ ላስበው። በራሱ መኪና ውሰደኝ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወልድያ ልሂድና ልታከም፤ ለገብሱ እመለሳለሁ» አለችኝ። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ትሂድልኝ እንጂ። አንዴ ወልድያ ከገባች ልጇ አትለቃትም ብዬ አሰብኩ። የቀረው መኪናዋን ማዘጋጀት ነው። ኧረ እሱማ ምን ችግር አለው፣ እኔ እያለሁ፣ አልኩ።

መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ስትቆም አልፎ አልፎ አስነሳት ስለነበር ባትሪዋ አልሞተም። ጎማዋን ነፋሁ፣ ዘይቷን ቀየርኩ፣ ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ ተነሳች። ድምፅዋ ያማረ ነው። ከተማውን አንድ ዙር ዞርኩባት። ወደ እህቴ ቤት የሚወስደውን ዳገት ስጀምር ግን ድንገት ጠፋች። መንገጭገጭ የለ፣ ማስነጠስ የለ፤ መብራት እንደማጥፋት ድርግም አለች። ወርጄ ኮፈኗን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። አስነሳኋት፤ ተነሳች። ትንሽ ወጣች፤ ድርግም። ወደ ኋላ እየለቀቅኩ ቁልቁል አወረድኳት።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሳጥን መናገር አለብኝ። በድሮ መኪና ካንዴላው ላይ እሳት እንዲመጣ የሚያደርገው ፑንቲና የሚባል ትንሽ ነገር ነው፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ቦቢናው እሳት ይረጫል። ፑንቲና ያርራል፤ በየጊዜው በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ አለበት። ልጁ ይህን ጠላ። ወደ መተማ ሊወርድ ሰሞን ከአዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክ የሆነውን አስመጥቶ ፑንቲናውን አወጣና እሱን ገጠመበት፤ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት፤ ኮፈኑ ሥር ግድግዳው ላይ በብሎን አሰራት። እኔ አልወደድኳትም። ፑንቲና ሲበላሽ በዓይን ይታያል፤ ሳጥን ምኗ ይታያል? «አጎቴ፣ አንተ እኮ የጣልያን ጊዜ ሰው ነህ» አለኝ። «ጣልያን እንኳ ከዚህ የተሻለ ነገር ትቶልን ሄዷል» አልኩት። ሥራው ላይ ቆሜ አላየሁትም፤ ንቄ ሚኒባሴ ሥር ገባሁ።

ፍለጋው የተጀመረው በነዳጅ ነው። ካርቡሬተሩን አውልቄ ነፋሁት፣ ቱቦውን ለወጥኩ። ዳገቱን ሞከርኩ፤ ድርግም። ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀየርኩ፤ ድርግም። ከሌላ መኪና ቦቢና ነቅዬ ሰካሁባት፤ ያው ናት። ሳጥኗ ስትሞቅ ትደክም ይሆናል ብዬ ውኃ የነከርኩትን ጨርቅ ደረብኩባት፤ እንደ ታማሚ ግንባር። እሷ እቴ። በረጅም ሽቦ አምፖል አስሬ ከቦቢናው እስከ ጋቢናው ሳብኩና እየነዳሁ ባየው፣ መኪናዋ ስትጠፋ አምፖሉ በርቶ ቀረ። ቦቢናው መብራት አለው ማለት ነው። ነዳጅ አለ፣ መብራት አለ፤ ሳጥኗ ናት ሥራ የምታቆመው።

የሚያበግነው ደግሞ ይህ ነው፤ ወርጄ ስመረምራት እሳት አላት። የካንዴላውን ገመድ ከብረት አጠገብ ይዤ ሞተሩን ሳስዞር ሰማያዊ እሳት ጧ ጧ ይላል። ልነዳት ስገባ የለም። ሳላያት ትታመማለች፣ ሳያት ትድናለች። በሕይወቴ ብዙ መኪና ሰድቤአለሁ፤ ይቺን ግን ለመስደብ እንኳ አቅም አጣሁ። ጎማዋን በድንጋይ ደግፌ መንገዱ ዳር እቀመጣለሁ። የሚያልፍ ሰው «ምን ሆነች?» ይለኛል፤ «እሷን ጠይቃት» እለዋለሁ።

ሰው ደግሞ የየራሱን መድኃኒት ያመጣል። አንድ ቄስ ጎረቤታችን ቆም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ጠበል ረጨት አድርጋት» አሉኝ። «አባቴ፣ ውኃ የሚጠላ ዕቃ ነው» አልኳቸው። ሳቁና ከሩቁ ባርከውልኝ አለፉ። ሌላው «ባለቤቷ የለ፣ ለማን ብላ ትውጣ» አለ። ይህ ወሬ ዳገቱን ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ እህቴ ጆሮ ገባ።

እኔ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሼ ነበር፤ ሳጥኗን ነቅዬ የድሮውን ፑንቲና መመለስ። የጣሳ ዕቃዬ ውስጥ አልጠፋም። ይህን ስነግራት እታለም ፊቷ ጠቆረ። «ልጄ በእጁ የሰካውን ልትነቅል ነው?» አለችኝ። «አልሠራ አለ እኮ» ስላት «እንግዲያው ይቅር፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። በዚያ ደረት እስከ ይምርሐነ በእግሯ። «በቃ አልነካትም፣ አልነካትም» አልኩና ተመለስኩ። እንዳልነቅላት ተከለከልኩ፣ እንዳልተዋት ቀኑ ደረሰ።

በሙት ዓመቱ ጠዋት ምንም ሳላገኝ ተነሳሁ። ምናልባት ብርዱ ላይ ይሻላት ይሆናል ብዬ ማልጄ ወጣሁ። ገብሱ ደርሷል፤ የእህቴ ማሳ ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ የካብነው ድንጋይ በመሐሉ ያልፋል። ልክ ከማሳው ግርጌ፣ ቤቷ ሊታየኝ ሲል፣ ድርግም አለች። ወርጄ ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ጣልኩና በሯን ተደግፌ ቆምኩ። አልተናደድኩም። የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልነበረም።

እታለም ከላይ አይታኝ ኖሯል። ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፍና የዳቦውን አገልግል ይዛ፣ እያፏጨች ወረደች። እርከኑ ላይ አረፍ አለችና መኪናዋን አየቻት።

«አየህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አልፈለገም። መሬቱን ትቼ እንድሄድ አልፈለገም። እዚሁ መሬቱ እግር ላይ አቆመህ እኮ።» እጇን በማሳው ላይ ዘረጋች። «ወልድያም ቀረ። ለልጅቱ ንገራት፤ እዚሁ ነኝ። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። ዓመት ሙሉ የት እንደነበር እንጃ። «እታለም፣ ይቺ መኪና ናት እንጂ ቃልቻ አይደለችም» አልኳት። «ሳጥን ናት፣ ሽቦ ናት፣ ብሎን ናት። ልጅሽ እዚህ ቆሞ አላገዳትም። እዚህ ብርድ ውስጥ ልትሞቺ ነው፣ ገባሽ? አንዱን ቀበርን፣ አንቺን ደግሞ ልቅበር?» ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። አንዱንም አልቀበርነው፤ እሱም ሌላ ጉዳይ ነው። እታለም አገልግሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ገብሱ ዞረች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ንዴት አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ቢያንስ ያነቃል። ይቺ መኪና ቆማ አትጠፋም፣ ሜዳ ላይ አትጠፋም፤ የምትጠፋው ስትጎትት ብቻ ነው አልኩ። ስትጎትት ምን ይለወጣል? ሞተር ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ነው፤ ዳገት ላይ ሲያምጥ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ ስታቆመው ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህ ነው ወርጄ ሳየው ደህና የሚሆነው። እንግዲያው ቆማ ሳለች የሚያዘነብልልኝ ነገር ያስፈልገኛል። ዞር ብዬ ሳይ ያ ድጅኖ፣ ድንጋዩን የፈነቀልንበት፣ እርከኑ ላይ ተጋድሟል። ማታ ማታም ሳትክብ አልቀረችም።

ሞተሩን አስነሳሁ። ድጅኖውን በሞተሩና በሻንሲው መሐል ሰክቼ በትከሻዬ ገፋሁት። ሞተሩ ዘነበለ፤ ድርግም አለች። ለቀቅኩት፣ አስነሳሁ፣ ገፋሁ፤ ድርግም። ዓይኔን ሳጥኗ ላይ ተክዬ እንደገና ገፋሁ። ከሳጥኗ ወጥታ ሞተሩ ላይ የታሰረች አንዲት አጭር ጥቁር ሽቦ አለች። ሞተሩ ሲያዘነብል ትወጠራለች፤ ጫፏ ከብሎኑ ሥር ብድግ ይላል። ስለቀው ተመልሳ ቁጭ። ብሎኑን በጣቴ ብነካው ይዞራል። በእጅ ብቻ የተያዘ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው።

«ማሳው ነው» አልኩ፣ ጋራዥ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ። «ማሳው ልል ነው እኮ። እሱ ነው አቀበት ላይ የሚከዳት።»

ከኋላዬ አገልግሉ መሬት ሲነካ ሰማሁ።

«ምን አልክ?» አለች እታለም።

«አገኘሁት። ማሳው ነው።»

«የማን ማሳ?»

«የመኪናዋ።»

«መኪና ደግሞ የምን ማሳ አላት?»

በእኛ ሙያ ስሙ ሁሉ የጣልያን ነው፤ ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ ፑንቲናው። ማሳም እንደዚያው ነው፤ ከገብስ ጋር አይተዋወቅም። መብራቱ ከባትሪው ወጥቶ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስበት የመኪናው ብረት ማለት ነው። ከእሱ ጋር በደንብ ያልታሰረ ነገር አይሠራም። ይህንኑ በአጭሩ ነገርኳት። ሽቦዋ ማሳ መያዣ ናት፣ አልጠበቀችም፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው አልኳት።

እታለም ቆማ ታየኛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

«አጥብቁት ነው ያለኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ማሳውን።»

ድጅኖውን አስቀመጥኩ። «እታለም፣ እስቲ እሱ ያለሽን ንገሪኝ። አንቺ የገባሽን አይደለም፤ እሱ ያለውን፣ ቃል በቃል።»

ወደ ጽዱ ዞረች፤ እዚያ ቆማ ስልኩን የያዘች ይመስል እጇን ወደ ጆሮዋ አደረገች። «‹እማ፣ የአጎቴ ስልክ እምቢ አለኝ› አለ። ‹ማሳውን አጥብቁት በይው። ልል ነው። አቀበት ላይ ይከዳችኋል። አደራ› አለ። ከዚያ ተቆረጠ።»

ቃሉ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጋራዥ የመጣ ሰሞን «ማሳውን ያዝልኝ» ብዬ ሽቦ ስሰጠው «አጎቴ፣ ከገብስ አመለጥኩ ስል እዚህም ማሳ አለ?» ብሎ ያሳቀኝ ትዝ አለኝ። ዓመት ሙሉ ፊቱን ሳስበው የሚመጣልኝ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሳቁ መጣብኝ። የገጠማትን ሳጥን እያሰበ፣ ከእኔ ጋር የሚያወራ ይመስል፣ በጋራዥ ቋንቋ ነገራት። እሷ ደግሞ ማሳ የምታውቀው አንድ ነው።

እታለም እርከኖቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ይሄ ሁሉ ድንጋይ» አለች፤ አልጨረሰችውም።

«ሁለቱንም ማለቱ ይሆናል» አልኳት። «መሬቱንም፣ መኪናዋንም።»

«አትዋሸኝ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ወልድያ እንድትሄድ ዓመት ሙሉ የለመንኳት እኔ ነኝ። እንዳትሄድ የያዛት ነገር አሁን እጄ ላይ ወድቋል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም ደስ አላለኝም። የልጇን የመጨረሻ ቃል ከአፏ የነጠቅኳት መሰለኝ፤ አፈርኩ።

«አሳየኝ» አለች።

ወደ ኮፈኑ አስጠጋኋት። ሽቦዋን በጣቴ አሳየኋት። አጎንብሳ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ በተላላጠ ጣቷ ብሎኑን ነካችው፤ ዞረ።

«ይቺን?»

«እሷን።»

«ይቺን ነው አደራ ያለኝ? ይቺን ነው ዓመት ሙሉ ሳልሠራለት የቀረሁት?»

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ? እኔ መኪናዋ ግቢዬ ቆማ አላወቅኩም» አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ከዕቃ ሳጥኔ ቁልፎቼን አወጣሁ። የዚያች መኪና ብሎን ሁሉ በኢንች ነው፤ ያቺ አንዷ ግን በሚሊ፣ አስር ቁጥር ናት፤ ልጁ ያገኘውን ነው የሰካው። አስር ቁጥሯን መርጬ ላጠብቅ ስል እታለም እጇን ዘረጋች።

«ወዲህ በላት። አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ሰጠኋት። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት፤ ወዴት እንደሚዞር ነገርኳት። አማተበችና ያዘችው። የድንጋይ ሰው ክንድ ነው፤ ቁልፉ እየተንገጫገጨ ዞረ። እያጠበቀች የምትለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ ይኸው» ትል ነበር። ያ ልጅ እውነት የሞተ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው፤ መኪናዋን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ ሕፃን። እታለም ቀና ብላ አላየችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

«ጠበቀ?» አለችኝ በመጨረሻ።

ሞከርኩት። «ጠበቀ» አልኳት።

ሞተሩን አስነሳሁና በድጅኖው ገፋሁት። ዘነበለ፤ አልጠፋችም። ደግሜ ገፋሁ፤ አልጠፋችም። ድጅኖውን እርከኑ ላይ መልሼ ላስቀምጥ ስል «ከኋላ ጫነው» አለች፤ «እዚህ ማን ሊሠራበት ነው።» ጫንኩት። ገባች፣ አገልግሏን ታቀፈች፣ ዳገቱን ተያያዝነው። መኪናዋ እያጉረመረመች ወጣች። ከዳገቱ ራስ ላይ ማሳው በሙሉ በቀኝ በኩል ይታያል። ማንም በመኪናው ሲያሳፍራት ማሳዋን ለማየት እዚያ ቁም እያለች ታስቆመው እንደነበር ስለማውቅ እግሬን ወደ ፍሬኑ ወሰድኩ።

«አትቁም» አለችኝ። ፊቷን ወደ ፊት አድርጋለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ «ገብሱን የሚያጭድ ሰው ፈልግልኝ» አለች። እሺ አልኳት።

ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሰን ጸሎቱ ተደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። በዚያው ሳምንት በጋሸና በኩል ወልድያ አደረስኳት። ልጅቱ አሁንም ትደውልልኛለች፤ ሳሉ ቀነስ ብሏል ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ «አጎቴ፣ እማ ይዛው የመጣችው ትንሽ ብረት ምንድን ነው? ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፣ እንዳነሳው አትፈቅድልኝም» አለችኝ። «ቁልፍ ነው፤ ተይላት» አልኳት። አስር ቁጥር ሲያስፈልገኝ እስካሁን ከጎረቤት ጋራዥ ነው የምዋሰው።